ሰጋቱራ በዋስ ተፈታ

በአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት የሳለ፣ አፍንጫው የፈሰሰ፣ ዓይኑ የቀላ ሁሉ «ሰጋቱራ ነው» ይልና ሥራውን ይቀጥላል። ጉንፋን የሚባል ነገር እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ቢገባም ማንም አላወቀውም።

አባቴን ደንበኞቹ «ጋሽ ሚሊሜትር» ይሉታል። የገጠመው በር በወረቀት ውፍረት ከተዛነፈ ነቅሎ እንደገና የሚሠራ ሰው ነው። አስም አለበት። ብርድ ሲገባ ደረቱ ያፏጫል፣ ፓፉን አፉ ላይ ሰክቶ መድኃኒቱን ይስባል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዘንድሮ ግን በላይ በላዩ ሲያመው ታላቅ ወንድሜ ተነሣ። ወንድሜ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ እኛ ጋ ብቅ ሲል እንኳ ከበሩ ሳያልፍ ሱሪውን ማራገፍ ይጀምራል።

«አባዬ፣ ይሄ ቤት ይገድልሃል» አለው። «ገዢ አግኝቻለሁ። ማሽኑንም ቦታውንም አንድ ላይ ይወስዳል።»

ደሜ ፈላ። በዚያ ቤት ቫርኒሽ የምቀባው፣ ከአባቴ ሥር ሥር እያልኩ ሙያ የለመድኩት እኔ ነኝ። ስለ እኔ እንኳ ይቅር፤ አባቴ መጋዝ ሳይሰማ ውሎ የሚያድር ሰው ነው?

«ያለ ሥራ የሚኖር ይመስልሃል?» ብዬ ጮህኩበት።

«ያለ ትንፋሽስ ይኖራል?» አለኝ።

አባዬ ሁለታችንንም አየና ፈረደ። ወንድሜ ቤት ሄዶ ይቀመጣል፤ ከአቧራ ርቆ ከተሻለው ይሸጣል፣ ካልተሻለው ወደ ሥራው ይመለሳል። መጋዙን ሸፈነና በሩን ቆለፈ። የወንድሜ መኪና ውስጥ ገብቶ ሄደ።

የወንድሜ ቤት ወለል ፊት ያሳያል። መስኮት አይከፈትም፤ ጫማ በር ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ አባዬ ጥሩ ነበር። ወንድሜ እየደወለ «ዛሬ አንዴም አልሳለም!» እያለ ጮቤ ይረግጥብኛል። አንድ ቀን ግን ሲደውል የራሱ ድምፅ ተዘግቷል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም፤ ቀለል ያለ ጉንፋን ነው። አባዬን ላገናኝሽ?»

ያ «ቀለል ያለ» ጉንፋን እሱን ጥቂት አስነጥሶ ተወው። አባዬን ግን አንድ ጠዋት አልጋ ላይ አስቀረው። ስደርስ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከንፈሩ መልኩን ለውጧል። ደግፈን ሆስፒታል ወሰድነውና ኦክስጅን ተደረገለት።

ኮሪደሩ ላይ ወንድሜ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለዓመታት የተጠራቀመው ሰጋቱራ ነው አሁን የሚወጣው!»

«በአፍንጫህ ይውጣ!» አልኩት።

አልኩት እንጂ ፈርቼ ነበር። አባዬም ተስፋ ቆረጠ። እጄን ያዘና «ልጄ... ይሸጥ በቃ» አለኝ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ወንድሜ አባዬ እንደወጣ ለመፈራረም ከገዢው ጋር ቀጠሮ ያዘ።

አባዬን የያዘችው ሐኪም ረጋ ያለች ሴት ናት። ከአፍንጫውና ከጉሮሮው ናሙና አስወሰደች። ወንድሜ ጥግ ላይ ሲስል ሰማችና «እርስዎም ይምጡ፣ ናሙና ይስጡ» አለችው።

«እኔ ደግሞ ምን አገባኝ? እኔ አናጺ አይደለሁም!»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። ናሙናውን ግን ሰጠ።

ውጤቱ ሲመጣ ሁላችንም አባዬ አልጋ ዙሪያ ነበርን። «የኮሮና ቫይረስ ነው» አለች ሐኪሟ። ወንድሜ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ይቀመጡ፤ ያኛው፣ ኮቪዱ፣ አይደለም» አለችው። «የእሱ የሥጋ ዘመድ ነው። ሰው ላይ ሲመላለሱ የኖሩ አራት ተራ ዓይነቶች አሉ፤ በደፈናው ጉንፋን ከምንለው ውስጥ ናቸው። ጤነኛውን ብዙ ጊዜ አስነጥሰው ይሄዳሉ። አስም ያለበት ትልቅ ሰው ላይ ሲያርፉ ግን እንዲህ ሊያደርጉት ይችላሉ።»

«ሰጋቱራውስ?» አልኩ።

ወደ አባዬ ዞረች። «ለመጨረሻ ጊዜ የሠሩት መቼ ነው?»

«እሱ ቤት... ከገባሁ ወዲህ... መጋዝ አልነካሁም።»

«ልጅዎስ የታመመው መቼ ነው?»

ወንድሜ ወለሉን ያጠና ጀመር።

«የሁለታችሁም አንድ ዓይነት ነው» አለች። «ማን ለማን እንደሰጠ መማል አልችልም። መጀመሪያ ማን እንዳስነጠሰ ግን እናንተ ታውቃላችሁ።»

አባዬ ኦክስጅኑ እንደተሰካ ሳቀ። ሳል አቋረጠው፤ እንደገና ሳቀ። «እና... ሰጋቱራ... በነጻ ተሰናበተ?»

«በዋስ ነው የተፈታው» አለች። «የእንጨት አቧራ አስም ላለበት ሰው ወዳጅ አይደለም። አቧራ መሳቢያ ያስገጥማሉ፣ ጭምብል ያደርጋሉ፣ መከላከያ መድኃኒትዎን ሲያምዎት ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ይስባሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው፣ ልጅዎም ቢሆን፣ እስኪሻለው አይጠጋዎት። ይሄን አድርገው ትንፋሽዎ ከተመለሰ፣ ሥራ ይተዉ የምልበት ምክንያት የለኝም።»

ወንድሜ ላይ ልጨፍርበት ነበር። ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴን በላው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «አባዬ፣ እኔ እኮ ላድንህ ብዬ...» ብሎ አለቀሰ።

አባዬ ጭንቅላቱን ዳበስ አደረገው። «አውቃለሁ ልጄ... ብቻ ወደዚያ ዞረህ አልቅስ... አፍንጫህ እየፈሰሰ ነው።»

ከሆስፒታል ወጥቶ፣ አቧራ መሳቢያ አስገጥሞ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ እየሳበ ከሰነበተ በኋላ ትንፋሹ ሊለካ ተመለስን። መለኪያዋ በአፍ የምትነፋ የፕላስቲክ ቱቦ ናት፤ ጎኗ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ አለ፤ አረንጓዴው ደህና ማለት ነው። ወንድሜ ጥፍሩን ይበላል፤ እኔ ጨርሶ ማየት ፈራሁ። አባዬ ቱቦዋን አገላብጦ መረመራት፣ ቀጥ አድርጎ ያዛት፣ አየር ሳበና ነፋት። ጠቋሚዋ ቢጫውን አልፋ አረንጓዴው ውስጥ ቆመች።

«ይድገሙት» አለች ሐኪሟ።

ደገመው፤ ከፊተኛውም በለጠ። እኔ እልል አልኩ፣ ወንድሜ አጨበጨበ፣ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውን አጨበጨቡ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ገና ከክፍሉ እንደወጣን የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ገዢው ነው፤ ወንድሜ ቁርጡን ለመንገር አፍሮ ሲያቆየው ነበር የሰነበተው። «አዎ... ያ ነገር... አባቴ ማለት...» እያለ ሲንተባተብ አባዬ ስልኩን ከእጁ ነጠቀው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ባለቤቱ ነኝ፣ መጋዙም መላጊያውም ቦታውም ቫርኒሽ ቀቢዋ ልጄም እዚያው ናቸው፣ የሚሸጥ ነገር የለም፣ በር ወይም ቁም ሣጥን ማሠራት ከፈለጉ ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ክፍት ነን፣ ጉንፋን ከያዘዎት ደግሞ ሲሻልዎት ይምጡ!»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው።