የመርከበኛው ሰዓት

አይናዲስ ሦስተኛውን ሰዓት የጠላችው ገና ባሏ እጁ ላይ ሳያስረው ነው። ጋሽ አምሳሉ የቆርቆሮ ሳጥናቸውን ከፍተው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሲደረድሯቸው ሦስቱም አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስሉ ነበር፤ ጥቁር ፊት፣ ነጭ ቁጥር፣ የሸራ ማሰሪያ። ባትሪ የሚባል ነገር አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ጎናቸው ላይ ያለችውን ትንሽ መሙያ በጣት እያዞሩ ይሞሏቸዋል፣ ከዚያ ውለው ያድራሉ።

ጋሽ አምሳሉ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። ይህን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የማይቀልድበትም የለም። ከጮቄ ተራራ ሥር ተወልዶ፣ ከጨሞጋ ወንዝ የሰፋ ውሃ ሳያይ አድጎ መርከበኛ የሆነ ሰው እንዴት አይቀለድበት! ምጽዋ ላይ ስምንት ዓመት አገለገሉ። ኋላ አገሩ ባሕሩን ሲያጣ እሳቸው ሦስት የእጅ ሰዓት ይዘው ወደ ጎጃም ተመለሱና ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ሰዓት ጠጋኝ ሆኑ። ስልክ በየኪሱ ሲገባ ሙያቸው ሞቶ ነበር። ዘንድሮ ግን ነፍስ ዘራ።

ዘንድሮ ስልክ ይዞ መንገድ የሚወጣ ሾፌር የለም። በየኬላው ስልክ እየተከፈተ ለማን ደወልክ፣ ይህ ፎቶ የማን ነው ሲባል ከመዋል ቤት ጥሎት መውጣት ይሻላል። የአይናዲስ ባል አወቀ ከደብረ ማርቆስ ሮብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። የመኪናው ሰዓት ገና ሲገዙትም የሞተ ነበር። ፀሐይ አይቶ እንዳይገምት ሐምሌ ነው፤ የጮቄ ጉም ከጠዋት እስከ ማታ አይገለጥም። ሰዓት ሳያውቁ መንዳት ደግሞ በዚያ መንገድ የማይሆን ነገር ነው፤ ከከተማው መግቢያ ያለው የኬላ ገመድ አስር ሰዓት ሲሞላ ይወጠራል።

ገመዱ ከተወጠረ በኋላ የሚመጣ መኪና አይጠየቅም፤ ይተኮስበታል። በሰኔ ወር አንድ አይሱዙ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ መጣ። ሾፌሩ በጉሙ ውስጥ ገመዱን አላየውም፤ ቁም ሲሉትም አልሰማም። በማግስቱ አወቀ በዚያ ሲያልፍ የመኪናው መስታወት መንገዱ ላይ ተበትኖ ነበር። ለአይናዲስ የነገራት ይህንን ብቻ ነው፤ ሌላውን ከጎረቤት ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስር ሰዓት ሲቃረብ ልቧ ተሰቅሎ ይቆያል። ሰዓት ግዛ ብላ የወተወተችውም ራሷ ናት።

«ሰዓት ሳይሞከር አይወሰድም» አሉ ጋሽ አምሳሉ። በሬ ሲገዛ ተጠምዶ እንደሚሞከረው ሁሉ የእሳቸውም ደንብ ይኸው ነው። «ሦስቱንም ይዘህ ሂድ። አንድ አንድ ቀን እሰራቸው። ማታ ማታ ከራዲዮ ጋር አስተያያቸው። ያላሳፈረህን ታስቀራለህ፣ ሌሎቹን ትመልስልኛለህ።»

አወቀ ሦስተኛውን አንሥቶ ወደ ጆሮው አስጠጋ። «የዚህስ ድምፁ ጥሩ ነው። የማን ነበር ጋሼ?»

ጋሽ አምሳሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «የወልደ ሰንበት። የደብረ ወርቅ ልጅ ነው፣ እንደ ወንድሜ የማየው። አንድ ቀን ሙቀቱ ሲብስ ልዋኝ ብሎ ከመርከቡ ወረደ። ከመውረዱ በፊት ሰዓቱን አውልቆ ሰጠኝ። ‹ያዝልኝ፣ መጣሁ› አለ። ይኸው እንደያዝኩለት አለሁ።»

«አስከሬኑስ?» አለች አይናዲስ።

«አልተገኘም። ቤተሰቦቹም ይመጣል፣ ይመጣል እያሉ ፍትሐት ሳያስፈቱለት ቀሩ።»

ያን ጊዜ ነው የጠላችው። ፍትሐት ያልተፈታለት፣ አፈር ያልቀመሰ ሰው ንብረት በባሏ እጅ ላይ! ክርኑን ጎሰም አደረገችው። አወቀ ግን ሰዓቱን እንደ አዲስ ሙሽራ እያየ ስለነበር አልሰማትም።

ሙከራው ሦስት ቀን ወሰደ። የመጀመሪያው ሰዓት በአንድ ቀን አምስት ደቂቃ ቀደመ። ሁለተኛው ከቀትር በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስተኛው፣ የሟቹ፣ ከራዲዮው ጋር እኩል ገባ፤ አንዲት ደቂቃ እንኳን አላጎደለም። አወቀ የሠፈሩን ሰው ጠርቶ አሳየ። በዚያው መስመር የሚነዳው ጎረቤታቸው ዓለምነው ሰዓቱን አገላብጦ አየውና «በቃ፣ እኔም ሰዓት ገዛሁ ማለት ነው፤ አንተን እየጠየቅሁ እነዳለሁ» ብሎ ሳቀ።

ዓለምነው ሲወጣ አይናዲስ «የመጀመሪያውን ብትይዝ ምን አለ?» አለችው ባሏን። «የሚቀድም ይሻላል፤ ቀድመህ ትገባለህ።»

«አንቺ ደግሞ! ልክ የሆነው እያለ ልክ ያልሆነውን ልያዝ?»

«የሞተ ሰው ሰዓት ነው አወቀ።»

«ሰውየው ሞተ እንጂ ሰዓቱ መች ሞተ» አለና ሳቀባት። አወቀ ክፉ ሰው አይደለም። የሚስቱን ፍርሃት ግን ከለመደው ቆይቷል፤ የለመዱትን ነገር ደግሞ ማን ይሰማል። አይናዲስም ሁለተኛ አላነሣችበትም፤ የምታደርገውን በልቧ ያዘች።

አርብ ጠዋት አወቀ ጎማ ሊያስነፋ ሲወጣ ሰዓቱ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። አልጋው ሥር የዓለምነው ሚስት ሔዋን ከአቦ ያመጣችላት የጠበል ጀሪካን አለ። አይናዲስ በብርጭቆ ቀዳችና ሰዓቱን አነሣች። ውሃ ይጎዳው ይሆን የሚል ሐሳብ መጣባት። ወዲያው ደግሞ በራሷ ሳቀች፤ የባሕር ኃይል ሰዓት አይደለም እንዴ? ባሕር የቻለ አንድ ብርጭቆ ጠበል ያቅተዋል? አማትባ ብርጭቆው ውስጥ ጨመረችው፤ ሰባት አቡነ ዘበሰማያት እስክትደግም ድረስም አላወጣችውም። ከውሃው ሥር ሆኖ ሲቆጥር ይሰማት ነበር።

አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችውና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ይሠራል። ከትከሻዋ ላይ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት። አወቀ ተመልሶ ሲያስረው ማሰሪያው መራሱን እንኳን ልብ አላለም፤ ሐምሌ ውስጥ ያልራሰ ነገር የት አለ? ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ጭኖ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የተረፉትን ሁለት ሰዓቶች ለመመለስ ወደ ጋሽ አምሳሉ ሄደች። ሽማግሌው የአንድ ግድግዳ ሰዓት ሆድ ዕቃ ዘርግፈው ተቀምጠዋል።

«ያኛው እንዴት ነው?» አሏት።

«ደኅና ነው ጋሼ፤ እሱን መርጦታል።»

«አንድ ነገር ሳልነግረው ቀረሁ። ውሃ እንዳያስነካው። መኪና ሲያጥብም ያውልቀው።»

አይናዲስ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «የባሕር ኃይል ሰዓት አይደለም እንዴ?»

«በጊዜውማ ነበር። ውሃ የምትከለክለው ከክዳኑ ሥር ያለች ቀጭን ጎማ ናት። እሷ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆናት እኮ። ያን ጊዜም ቢሆን አናምናትም ነበር። ወልደ ሰንበት ውሃ ሊገባ ሲል ያወለቀው ለምን ይመስልሻል?»

«ውሃ ቢገባው ግን... ወዲያው ይቆማል አይደል?»

«ቢቆምማ ጥሩ ነበር። የቆመን ሰዓት ሰው ያውቀዋል። ውሃ የገባው ግን ይጎተታል። ሲቆጥር ትሰሚዋለሽ፣ ደኅና ይመስላል፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ይበላብሻል። የያዘው ሰው አያውቅም።» ቀና ብለው አዩአት። «ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

ሁለቱን ሰዓቶች እንደያዘች ከሱቁ ወጣች። ሮጣ መናኸሪያ ደረሰች። ወደ ሮብ ገበያ የሚወጣ መኪና አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት የወጣ ለአስር አይመለስም። የጭነት መኪና ሾፌሮችን አንድ በአንድ ለመነች። አንዱ «እኔም እኮ ልጆች አሉኝ እትዬ» አላት። ስልክ እንዳትደውል የሮብ ገበያ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። በሠፈሯ ስታልፍ ሔዋን ከበር ላይ ሆና «ወዴት ነው እንዲህ የምትከንፊው?» አለቻት። ልትነግራት አፏን ከፈተች፣ ግን አፈረች። የባሏን ሰዓት በጠበል ነከርኩት ብላ እንዴት ትንገራት? «መጣሁ» ብቻ ብላ አለፈች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሟቹ መርከበኛ ያለው ቃል መሆኑ ትዝ አላትና አማተበች።

ገመዱ ጋ ስትደርስ ጉሙ ወርዷል። ከሃያ እርምጃ ወዲያ መንገድ የለም፤ ነጭ ብቻ ነው። ገመዱ ላልቶ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ አጠገቡ አንድ ወጣት ጠባቂ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አለቃው ከቆርቆሮው ጎጆ ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋል። መብራት ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ስለነበር የወጣቱ ስልክ ሞቷል። የሚያልፉትን ሁሉ ሰዓት ይጠይቃል። አንድ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ምንም ሲያጡ «እንጃ ልጄ፣ ዘጠኝ ቢሆን ነው» አሉት።

አይናዲስ ይህን ሰማች። የሚቀድመውን ሰዓት፣ የመጀመሪያውን፣ እየመጣች ሳለ ሞልታ፣ ሰው ጠይቃ አስተካክላ እጇ ላይ አስራው ነበር። ለአስር ሩብ ጉዳይ ይላል። ጀርባዋን ሰጥታ ጋሽ አምሳሉ ሲያደርጉ እንዳየችው መሙያውን በጥፍሯ ሳብ አደረገችና የደቂቃ ቆጣሪውን ወደኋላ አዞረችው። ግማሽ ሰዓት መለሰችው። ከባሏ የሰረቀችውን ጊዜ ከዚህ ልጅ ሰርቃ ልትመልስለት ነው።

«እትዬ፣ ይሠራል ያ ሰዓት?» አላት ወጣቱ ቆየት ብሎ።

«ይሠራል።»

ተነሥቶ መጥቶ ራሱ አየው። «ገና ዘጠኝ ተኩል ነው ለካ። ይኼ ጉም እኮ የመሸ አስመሰለው።» ተመልሶ ተቀመጠ። እውነተኛው ሰዓት አስር ነበር። ገመዱ መወጠር የነበረበት በዚያች ደቂቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈችው አታውቅም። ቆጣሪው ሲያልፍ እያየች እመ ብርሃንን ትጠራለች፣ ወደ ጎጆው ታያለች፣ ወደ ጉሙ ታያለች። ሰዓቷ ለአስር አስር ጉዳይ ሲል ከወደ ነጩ ውስጥ የሞተር ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ሁለት ደብዛዛ መብራቶች፣ ቀጥሎ የአወቀ ሚኒባስ። ወጣቱ ውስጡን አየት አድርጎ ባዶ መሆኑን ሲያይ በእጁ አሳለፈው። ጎማው የተጋደመውን ገመድ ረግጦ ወደ ከተማው ገባ።

አይናዲስ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። አወቀ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ፤ ሚስቱን እዚያ ሲያያት ደነገጠ። «ምነው? ሰው ሞተ?»

«ምንም የለም። ተመስገን። ምንም የለም።» ታለቅስና ትስቅ ነበር።

«አንቺ ሴት ልትገዪኝ ነው! ይኸው ሰዓት ገዛሁ፣ ምን ቀረሽ?» እጅጌውን ሰብስቦ አሳያት። «እይው፣ ገና ዘጠኝ ተኩል። ተዝናንቼ ነው የመጣሁት።»

ጥቁሩን ፊት አየችው። መስታወቱን ከውስጥ ላብ አልብሶታል። ቆጣሪው ዝግ ብሎ፣ ደኅና መስሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ልቧን ሰንጥቆ የገባው።

«ዓለምነውስ?»

«ከኋላ ነው። ሮብ ገበያ ላይ ወዲያው ልከተልህ ሲለኝ ምን አስቸኮለህ፣ ሰዓት ሞልቷል፣ ሰው ሳትሞላ አትውጣ ብዬ ሰዓቴን አሳየሁት። የመጫን ተራው የእሱ ስለሆነ እኔ ባዶዬን ወጣሁ፤ አስር የሚያህል ሰው ጭኖ፣ ሌሎች ሲሳፈሩ ትቼው መጣሁ። መብራቱ ስለማይሠራ በዚህ ጉም እየዳበሰ ነው የሚመጣው።»

አይናዲስ ልትናገር ስትል የጎጆው በር ተከፈተ። አለቃው መሣሪያውን አንግቶ፣ የባትሪ ራዲዮ በጆሮው ይዞ ወጣ። «አንተ! አስር ሰዓት ካለፈ ከሃያ ደቂቃ በላይ ሆነው! ገመዱ ለምን መሬት ላይ ነው?»

ወጣቱ ተደናግጦ ተነሣና ወደ አይናዲስ ዞረ። እጇ ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ከዚያ ገመዱን ጎትቶ ወጠረውና ከመንገዱ ዳር ካለው ግንድ ጋር አሰረው። አለቃው ራዲዮውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፤ በአንድ ጉልበቱ በርከክ ብሎ መሣሪያውን አቀባበለ። ዛሬ ማን ሾልኮ ሊያልፍ እንደሚሞክር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«ሌላ መኪና አለ!» ብላ ጮኸች አይናዲስ። «አለቃ፣ በእመቤቴ፣ ሰው የጫነ ነው! የሚመጣው በእኔ ጥፋት ነው! ሰዓቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ!»

«ሂጂ ከዚህ!»

ከጉሙ ውስጥ ሞተር ተሰማ። የዓለምነው መኪና መሆኑን ከጭስ ማውጫው ማጓራት ለየችው፤ ሠፈር ሲገባ ሔዋን በር ልትከፍት የምትነሣው በዚያ ድምፅ ነው። መብራት የለውም። እየቀረበ ነው፤ ገመዱ ተወጥሯል ብሎ አያስብም፣ ሰዓት አለኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ነው።

አይናዲስ በገመዱ ሥር ሾልካ ወደ ነጩ ሮጠች። ነጠላዋን አውልቃ ከራሷ በላይ እያውለበለበች «ዓለምነው! ቁም!» ትላለች። ጉም ውስጥ ነጭ ነጠላ ማን ያያል? ከኋላዋ ወጣቱ «እትዬ ተመለሽ!» ሲል ሰማች። መሣሪያውን ያቀባበለው ግን አለቃው ነው፣ እሱ ደግሞ ከተንበረከከበት አልተነሣም።

ከሁሉ በላይ የሰማችው የባሏን ድምፅ ነበር። አወቀ ምንም አልገባውም። በጠባቂዎቹ ፊት ቆሞ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ሰዓቱን እያሳየ፣ በሙሉ ልቡ ይጮህ ነበር።

«ኧረ ምን ነክቷችኋል! ገና ነው እኮ! እዩት፣ ገና ዘጠኝ ተኩል ነው!»