አዛዡ የወደቀበት ሰው አፍ የለውም

ደንቡን ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ሌላ ሰው ነግሯችሁ ከምትስቁብኝ።

አምስት ሰዎች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ተጫዋች፣ ከጸጉር አስተካካዩ፣ ቤት በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እንሰበሰባለን። ድሮ የፎጣና የሳሙና ማስቀመጫ ነበረች። አሁን መሐሏ ላይ ትልቅ ጠረጴዛ ቆሟል፤ እግሩን የበየድኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ማንም አያነሳውም። ጠረጴዛው ላይ ከስፖንጅ የተቆረጠ ኮረብታና ከካርቶን የተሠራ የፈረሰ ፋብሪካ አለ። በዚያ መሐል አውራ ጣት የማያክሉ ወታደሮች አሰልፈን፣ በሜትር እየለካን፣ ቁጥር ያለበትን ዳይስ እየወረወርን እንዋጋለን።

የጨዋታው ዓለም እንፋሎትና ድግምት አብረው የነገሡበት ዓለም ነው። ከሰል የሚበሉ፣ ጭስ የሚተፉ የብረት ግዙፎች አሉ፤ እኛ ጎልያድ እንላቸዋለን። ጎልያድ በራሱ ብረት ነው፤ ነፍስ የሚዘራበት የየሠራዊቱ ባለ ድግምት አዛዥ ነው። አዛዡ በየተራው ሰባት ኃይል ይሰጠዋል። ወይ ለጎልያዶቹ ያድላል፣ ወይ ለራሱ ጋሻ ያስቀራል። ጎልያድ ቢወድቅብህ ሌላ አለህ። አዛዥህ ከወደቀ ግን አለቀልህ፤ ሠራዊትህ እንዳለ ቆሞ ተሸነፍክ ማለት ነው።

የጋራዡ አለቃዬ ይህን ሲሰማ «ሽበት አውጥተህ አሻንጉሊት!» ብሎ በሠራተኛ ፊት ሳቀብኝ። ይሳቅ። እሱ ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ እኔም አውቃለሁ።

ወደ ደንቡ ልመለስ። የዛሬ ሦስት ዓመት ፋርማሲስቱ በተሸነፈ ቁጥር መቀመጫ ያሳጣን ነበር። «ዳይሱ ጠመመ፣ ሜትሩ ተሳበ፣ ጠረጴዛው ዘመመ» እያለ ቤቱን ያውከዋል። ጠረጴዛው ዘመመ ሲል ብየዳዬን መናገሩ ነው። ነገሩ ከነከነኝና አንድ ቀን እንዲህ አልኩ፦ «አዛዡ የወደቀበት ሰው፣ የመጨረሻዋ ዕቃ ሳጥን እስክትገባ ድረስ አፍ የለውም። ዝም አይነቅዝም።» ሁሉም ሳቁና ተስማሙ። የጂኦግራፊ መምህሩ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ወፍራም ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት።

በዚያው ሳምንት ፋርማሲስቱ ተሸነፈ። እሱ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ ሳለ እኔ ጨዋታው ከእሑድ ወደ ቅዳሜ ይዙር አልኩ፤ እሑድ ጋራዡ ሥራ ጀምሮብኝ ነበር። ፋርማሲስቱ ደግሞ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የሥራ ተራው ነው። ከንፈሩን ነክሶ አየኝ፤ ምንም ማለት አይችልማ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ሲጥም ጥሎን ይሄዳል። ረስቶታል ብዬ ነበር። ሰው የተበደለውን እንደማይረሳ ከማንም በላይ እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

አምስተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። ቀያሽ ነው፤ መንገድ ይለካል። አባታችን ሁለታችንንም ማስተማር ቢያቅተው ጠርቶን «አንተ እጅ አለህ፤ እሱ ጭንቅላት አለው» አለ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወደ ብየዳ ቤት፣ እሱ ወደ ትምህርቱ። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው። እጄን ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ጭንቅላቴ ትዝ ይለኛል። ይህን ጨዋታ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን በሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸንፈኛል።

እነሱ ጎልያዶቻቸውን ከፋብሪካ የወጣ፣ በሳጥን የታሸገ ነው የሚያመጡት። የእኔን በእጄ ሠራሁት። ስሙ አባ ጭስ ነው። ገላው አሮጌ ካንዴላ፣ የሞተር እሳት መለኮሻ፣ ነው፤ ከአንድ የቤንዚን ጭነት መኪና የነቀልኩት። ትከሻው የስፌት መኪና ጥርስ፣ ጭስ ማውጫው የእስክሪብቶ ጫፍ፣ ጡጫው የቁልፍ ጋን ምላስ። ጭንቅላት አላበጀሁለትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ዝገቱን እንኳ በቀለም ነው ያዛግኩት። ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ጦርነት ውሃ የሚያፈላበት ቦይለሩ እንደተቀደደ፣ ጭንቅላቱን ማን እንደወሰደበት ሁሉ በሆዴ አለ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። የጠየቀኝ የለም።

ባለፈው ወር አዲሱ የደንብ መጽሐፍ መጣ። ወንድሜ ገልጦ አነበበልን፤ ከእንግዲህ በውድድር የሚሰለፈው ከፋብሪካው የወጣ ዕቃ ብቻ ነው ይላል። ሌላ ከተማ ያሉ ተጫዋቾች ለውድድር ጠርተውናል፤ እነሱ በአዲሱ ነው የሚጫወቱት።

«ሁላችንም ስለ ጨዋታው ያለንን አስተያየት እንናገርና በድምፅ እንወስን» አለ ወንድሜ። «አዲሱ ከጸደቀ እዚህም በአዲሱ እንጫወት። አይደል ወንድም ጋሼ?»

አይደል አለኝ! አባ ጭስ ከጠረጴዛ ይውረድ ማለቱ እንደሆነ እያወቀ።

በአራት ቀን የምሳ ሰዓት፣ ጋራዡ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጬ አስተያየቴን ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። በመጨረሻ ያረካኝን አግኝቼ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። አስቀድሞ እኔና ወንድሜ እንድንጋጠም፣ ከዚያ ዕቃ ተሰብስቦ ድምፅ እንዲሰጥ ነበር ሐሳቡ። በልቤ፣ አባ ጭስ ዛሬ በሁሉም ፊት ይዋጋ፤ ካዩት በኋላ ማን ያስወጣዋል? አልኩ።

በሦስተኛው ዙር አባ ጭስ ከወንድሜ አዲስ ጎልያድ ጋር ፊት ለፊት ገጠመ። የወንድሜ ጎልያድ ያብረቀርቃል፤ የፋብሪካ ሽታው እንኳ አልለቀቀውም። ሰባቱን ኃይል ቆጥሬ ያዝኩ። ጸጉር አስተካካዩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«ጌታው፣ ለአዛዥህ ሦስት እንኳ አታስቀርለትም?» አለኝ በለሆሳስ።

«አንተ ጸጉርህን ቁረጥ» አልኩት።

ሰባቱንም ለአባ ጭስ ሰጠሁ። መታ። ዳይሱ ስድስት፣ ስድስት፣ አምስት። የፋብሪካው ጎልያድ በአንድ ጡጫ ተገረሰሰ። ጸጉር አስተካካዩ አፏጨ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ፋርማሲስቱ እንኳ «አቤት!» አለ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም።

ወንድሜ የወደቀውን ጎልያዱን ከጠረጴዛው አነሳ። ከዚያ አጎነበሰ። ቀያሽ አይደል? አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈረሰው ፋብሪካ ጀርባ ተመለከተ። እዚያ አንድ ተራ ጠመንጃ ያዥ ነበረው፤ ሁለታችንም የረሳነው። በጠመንጃ ያዡና በእኔ አዛዥ መሐል ያ ግዙፍ ጎልያድ ተገትሮ ነበር። ግድግዳዬ እሱ ነበር፤ እኔው አፈረስኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄው ነው። አዛዤ ያለ ጋሻ፣ ራቁቱን ቆሟል።

ወንድሜ ሜትሩን ዘረጋ። ደረሰ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንድም ጋሼ… ልተኩስ?»

ቢተኩስ ይሻለኝ ነበር። መጠየቁ ነው የገደለኝ።

«ተኩስ! ምን ትጠይቀኛለህ?»

የመጨረሻ ቃሌ ይህች ሆነች። በሁለት ዳይስ ስምንት ያስፈልገው ነበር፤ ዘጠኝ መጣለት። አዛዤን በጎኑ አስተኛሁት።

ያኔ ፋርማሲስቱ ሰዓቱን አየ።

«ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ድምፁን እንስጥና ልሂድ።»

«ዕቃው ይሰብሰብ እንጂ መጀመሪያ» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ሰውዬው ይናገር።»

«እያንዳንዷን በስፖንጅ ጠቅልሎ መሰብሰብ ግማሽ ሰዓት ነው። ያኔ እኔ የለሁም፤ የእኔም ድምፅ ድምፅ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ቅዳሜን ማን ነበር የመረጠው?»

መልስ ነበረኝ። አፍ ግን የለኝም። መምህሩ ደብተራቸውን ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ የእኔኑ ቃል፣ ቃል በቃል።

«ደንብ ደንብ ነው» አሉ። «ያወጣውም እዚሁ አለ።»

አስተያየቱ ተጀመረ። ፋርማሲስቱ ቆሞ ተናገረ፦ «እኔ ይህን ጨዋታ የምወደው ልክ ስላለው ነው። ግማሽ ክኒን ሲበዛ ሰው ይጎዳል፤ እዚህም ግማሽ ሣንቲ ሜትር ጦርነት ይቀይራል። አባ ጭስ ከሌሎቹ ትከሻው ይሰፋል፤ ዕይታ ይጋርዳል። በክፋት አይደለም የምለው።»

«በክፋት ነው» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «እኔ ምን አለኝ? ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ሳይ ነው የምውለው። ቅዳሜ ጭንቅላት የሌለው ጀግና ሳይ ደስ ይለኛል። ደንበኛ ሁሉ ያን ካንዴላ አሳየን ይለኛል፤ የእናንተን የፋብሪካ ዕቃ ማን ጠየቀኝ? እኔ እንዳለ ይሁን ባይ ነኝ።»

መምህሩ ብዙ አሰቡ። «እኔ ለዳይሱ ግድ የለኝም» አሉ። «እኔን የያዘኝ ታሪኩ ነው፤ መንግሥታቱ፣ ካርታው፣ ማን ከማን ለምን እንደተጣላ። እያንዳንዱ ጎልያድ የትውልድ አገር አለው። አባ ጭስ ከየት ነው? ታሪኩን ብሰማ ድምፄን ለእሱ ነበር የምሰጠው።»

ተመለከቱኝ። ሁሉም ተመለከቱኝ። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ! ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ቦይለሩ፣ የተቃጠለችው ከተማ፣ ጭንቅላቱ፣ ሁሉም። ፋርማሲስቱ በሰዓቱ መስታወት ላይ ጣቱን ያንኳኳል። ዋጥኩት።

ያን ጊዜ ወረቀቱ ትዝ አለኝ። ከኪሴ አወጣሁና ለጸጉር አስተካካዩ ሰጠሁት። ፋርማሲስቱ ሊቃወም ሲል መምህሩ «ወረቀት አፍ አይደለም፤ ይነበብ» አሉ። ጸጉር አስተካካዩ መነጽሩን ከፊት ባለው ጸጉር ቤቱ ትቶ ኖሮ ለወንድሜ አቀበለው። እኔም ያኔ ነው ምን እንደጻፍኩ ትዝ ያለኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩበትም።

ወንድሜ አነበበ፦ «ዛሬ በዓይናችሁ እንዳያችሁት፣ አባ ጭስ የፋብሪካውን ሁሉ ገርስሶ አሸንፏል። ስለዚህ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።»

ሌላ የለውም። የቀረውን ሁሉ ሰርዤዋለሁ፤ ያሸነፈ ሰው ምን ያስለፈልፈዋል ብዬ።

ፋርማሲስቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጸጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። መምህሩ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ወንድሜ ብቻ አልሳቀም። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልኝ፤ ከሳቁት ሁሉ ይልቅ እሱ አቃጠለኝ።

«ስለ ወንድሜ እኔ ልናገር» አለ። «ይህን ጨዋታ ያስተማረኝ እሱ ነው። እጁን የሚያህል እጅ የለም። ግን ሰው አገር ሄደን አባ ጭስን አውርዱ ሲሉት፣ ሲያፍር ማየት አልፈልግም። ከእኔ ጎልያዶች አንዱን እሰጠዋለሁ። ያልተከፈተ አለኝ።»

እጁን የሚያህል እጅ የለም። አባቴ ከመቃብሩ ተነስቶ በወንድሜ አፍ የተናገረ መሰለኝ።

አዲሱን ደንብ የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ፋርማሲስቱ አወጣ። ወንድሜ ጫማውን እያየ አወጣ። መምህሩ አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ አባ ጭስ አዩ። «ታሪኩን ሳልሰማ እንዴት ላድርግ?» አሉና እጃቸውን አነሱ። የተቃወመው ጸጉር አስተካካዩ ብቻውን ነው። የእኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ አፍ የሌለው ሰው እጅም የለው።

ፋርማሲስቱ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልነቀዘበትም።

እኔና ወንድሜ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመርን። ወታደር በወታደር እየጠቀለልን ሳጥን ውስጥ እንደረድራለን። ኮረብታው ተነሳ፣ የፈረሰው ፋብሪካ ተነሳ። ባዶው ጠረጴዛ ላይ አባ ጭስ ብቻውን ቀረ። እሱ እዚያ እስከቆመ ድረስ እኔ አፍ የለኝም። እሱ ሳጥን ሲገባ አፌ ይፈታል፤ እሱ ግን ከእንግዲህ አይወጣም። ወንድሜ ሊያነሳው እጁን ዘረጋና ተወው። እኔ ራሴ አነሳሁት። ካንዴላው እጄ ላይ ይቀዘቅዛል። በስፖንጁ ጠቀለልኩት፤ ክዳኑን ገጠምኩ።

መምህሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቸኩለው አያውቁም።

«አሁን ተፈቅዶልሃል» አሉኝ በደግ ድምፅ። «እስቲ ንገረኝ፣ ከየት ነው የመጣው?»

መምህሩ፣ ጸጉር አስተካካዩና ወንድሜ ሦስቱም ጠበቁኝ። ወንድሜ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ከጭነት መኪና ነው» አልኩ። «ካንዴላ ነው። አሮጌ ካንዴላ።»