እትዬ እታፈራሁ የጻፉት

በሥራ ቀናት ወልድያ ኮሌጅ ውስጥ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በሚኒባስ መርሳ ወርጄ በቅሬው አዳራሽ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ቅሬው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ፍቅሩ ሲጠሩኝ የፈለጉት ግልጽ ነበር፤ በቀብር ላይ የሚነበበውን የሟች የሕይወት ታሪክ በወጉ የሚጽፍ ሰው ከመሃላቸው እንዲወጣ።

የኮሌጅ ተማሪዎቼ ገጽ ለመሙላት አይቸገሩም። መርሳ ላይ ግን አንዳንዱ ብዕር የሚይዘው እንደ ካቻቢቴ ጨብጦ ነው። መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ አድርጌ አንዱ የሌላውን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍ ብጠይቅ ማንም ብዕር አላነሳም። በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ሟርት ነው።

የሚኒባስ ሾፌሩ ሲሳይ ብቻ አልከፋውም። «እኔን ጻፉኝ። ትርፍ ጭኖ አያውቅም በሉልኝ» አለ።

«ቀብር ላይ መዋሸት ሐራም ነው» አለችው ጨርቅ የምትሸጠው ለይላ።

ከዚያ በኋላ ዱሮ ስለሞቱ ሰዎች መጻፍ ጀመርን። አንዱ ያወራል፣ የተጣመረው ይጠይቃል፣ ከዚያ ያወራው ሰው ራሱ ይጽፋል። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሚለው ለሁሉም ሟች ስለሚባል፣ ያ ሰው ብቻ ያደረገውን ፈልጉ እላቸው ነበር። ለይላ የተጣመረችው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ካላቸው ከእትዬ እታፈራሁ ጋር ነው። እትዬ ቀስ ብለው ይጽፋሉ፤ የጻፉትን ግን አይሰርዙም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ለይላ ደወለችልኝ። የእትዬ ባል አቶ አዳነ ማለዳ ላይ አርፈዋል። የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከታመሙ ቆይተዋል። እትዬ የሕይወት ታሪካቸውን ራሴ እጽፋለሁ ስላሉ እንድመጣ ፈልገዋል።

ስልኩን ሳልዘጋ ቤዛዊት የምትባል ተማሪዬ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። የሐራ ከተማ ልጅ ናት። ባለፈው ወር ባጻፍኳቸው ጽሑፍ ላይ፣ አባቷ በሐራ ሲያልፍ ጥሩንባ እንደሚነፋና እሷም ወደ መንገድ እንደምትሮጥ ጽፋ ነበር። ከመኪናው ወርዶ ግን ቤታቸው ገብቶ እንደማያውቅ አልደበቀችም።

«አባቴ መርሳ ላይ ሞቷል» አለችኝ። «ነገ ቀብሩ ነው። ብሄድ ያባርሩኝ ይሆን?»

ሙሉ ስሟ ቤዛዊት አዳነ ነው። ያኔ ገባኝ። ቀብር ላይ ማንም ሰው እንደማይባረር ነገርኳት። ሌላ ቃል ልገባላት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ መርሳ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። እትዬ ከጓዳ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ለይላ አጠገባቸው ሆና ክፍል ውስጥ እንደለመድነው ትጠይቃቸዋለች። እሳቸው ይመልሳሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይጽፋሉ። ባላቸው መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይተው አልፈው እንደማያውቁ ጻፉ። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ እንደሚልም ጻፉ። ከልጆቹ ሲደርሱ ብዕሩ ቆመ።

«አብሽሩ እትዬ» አለች ለይላ።

ዳዊትን፣ ሊዲያንና ሙሉን ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ሐራ ያለችውን አንተ ታስተምራታለህ አሉ። ትመጣለች?»

«ትመጣለች» አልኩ።

ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ነገር ነበር፤ በሕይወት ታሪኩ ላይ ስሙ የተነበበ፣ በቅሬው ሁሉ ፊት ልጅ ነው። ያልተነበበ ግን አይደለም።

«እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ» አሉ። «ዝም ማለት ሌላ ነው። ሦስት ብዬ ብጽፍ ግን የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ጎንበስ ብለው አራተኛውን ስም ጻፉ።

ጋሽ ፍቅሩ የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን ሲያዩ ወደ ውጭ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ወንድማቸው አፈር ሳይለብስ ሰው እንዳያማው ፈርተው ነበር። ጽሑፉ ለማንበብ ስለማይመች በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገልብጠው፤ ስትገለብጥም የሦስቱን ስም ብቻ ጻፍ አሉኝ።

«መገልበጥ እችላለሁ ጋሼ፤ ከገለበጥኩ ግን እትዬ የጻፉትን ሁሉ ነው።»

«እንግዲያው ይቅር» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ፍትሐቱ ሲያበቃ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመ። ሙስሊሞቹ የቅሬው አባላትም ከዛፉ ሥር ነበሩ። ቤዛዊት ከሁሉም ኋላ፣ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባ ቆማለች። ጋሽ ፍቅሩ ማንበብ ጀመሩ። ስለቆሙት መኪኖች ሲያነቡ ሾፌሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲሳይ ፊቱን አዞረ። ከልጆቹ ደረሱ።

«ዳዊት፣ ሊዲያና ሙሉ የተባሉ ልጆችን ወልደው…»

ወደሚቀጥለው መስመር አለፉ። ወደ ኋላ ለማየት አቅም አጣሁ።

ሐዘንተኛ ሚስት በዚያ ሰዓት ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። እትዬ እታፈራሁ ግን ከተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሳይነሱ ተናገሩ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ቀርቷል።»

ጋሽ ፍቅሩ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ጽሑፉ አልለይ ብሎኝ ነው» አሉ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ልንገርዎት። ቤዛዊት ነው የሚለው። ቤዛዊት አዳነ።»

ጋሽ ፍቅሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። መልሰው አደረጉና ያንኑ መስመር ከመጀመሪያው አነበቡት፤ በዝግታ፣ አራቱንም ስም።

ሰው ዞሮ ወደ ኋላ አየ፤ ሴቶቹም መንገድ ለቀቁ። ቤዛዊት ወዲያው አልተንቀሳቀሰችም። እትዬ እታፈራሁም አልጠሯት። ጥቁር ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አግዳሚው ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀው ጠጋ አሉ።