ሦስተኛዋ ጀልባ የምታልፍበት ጥግ

ባሌ ኤፍራይን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በብዙ ሺህ ሰው ፊት ጀልባ ሲነዳ አንድም ሰው አይቶት አያውቅም። ሥራው ነው እንዲህ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሚሠራበት የመዝናኛ ፓርክ ሐይቅ ላይ ርችትና ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ መሣሪያ የጫኑ አራት ጠፍጣፋ ጀልባዎች ይወጣሉ፤ ሦስተኛዋን የሚነዳት እሱ ነው። ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር ለብሶ፣ ፊቱንም በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ይቆማል። ሕዝቡ እሳቱንና ውሃውን ያያል እንጂ እሱን አያይም። «እኔን ካዩኝማ ሥራዬ ተበላሸ» ይላል፤ ይኮራበታል እንኳ።

እሱ ይኩራ፣ እኔን ግን አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር። ዘመዶቹ ከትውልድ ከተማቸው ከፖንሴ እኛ እስካለንበት ኪሲሚ ድረስ ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር ትርኢቱን አይተው ይመለሱና «ታዲያ አንተ የት ነበርክ?» እያሉ ይሳለቁበታል። ታላቅ እህቱ ኢሉሚናዳ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት። «ወንድሜ እዚያ መጥረጊያ ይዞ ነው የሚውለው፤ አፍሮ ነው ጀልባ የሚለን» ብላ ለአገር ምድሩ አወራች። ወንድማቸው አኒባልም ያንኑ ተቀብሎ ፖንሴ ላይ ያራግባል። መጥረግ ነውር ሆኖ አይደለም፤ እኔም የሆቴል ክፍል ነው የማጸዳው። የሚያመኝ ውሸታም መባሉ ነው። እናታቸው እንኳ ያንን እንዳመነች ነው የሞተችው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም አንድ ሁለቴ ተጠራጥሬው አውቃለሁ። ትዝ ባለኝ ቁጥር አፍራለሁ።

ጡረታ ሊወጣ ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሳላየውማ አይወጣም ብዬ ቦታ ፍለጋ ጀመርኩ። በየቅዳሜው ብቻዬን ሐይቁን እዞራለሁ። ሕዝቡ የሚጋፋለት ቦታ መሀል ያለው ደረጃ ነው፤ ከዚያ ሆነው ሲያዩት ግን ጀልባ መኖሩም አይታወቅም። ድልድዩን ሞከርኩ፣ ጭሱ ሸፈነኝ። የምግብ ቤቱን በረንዳ ሞከርኩ፣ መብራቱ ዐይኔን አጭበረበረው። በአራተኛው ቅዳሜ ከአይስክሬም መሸጫው ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ቆሜ ሳለ ከሙዚቃው ሥር የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሐይቁ እዚያ ጋ ይጠባል፤ ጀልባዎቹ ተጠማዝዘው በአሥር እርምጃ ርቀት ያልፋሉ። በአምስተኛው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩና ትልቁ ወርቃማ ርችት ሲፈነዳ ሦስተኛዋ ጀልባ ልክ ጥጉ ላይ እንደምትደርስ አረጋገጥኩ። ያን ቀን ኤፍራይን ዕረፍት ላይ ስለነበር የነዳት ሌላ ሰው ነው፤ ግን እንደ ቀን ብርሃን ነበር የታየኝ።

«የመጨረሻህ ቀን እመጣለሁ፤ ጥጉ ላይ ነኝ» አልኩት።

«ነይ። ብቻ እንዳትጠሪኝ» አለኝ። ማልኩለት።

በመጨረሻው ቅዳሜ ለጡረታው ከፖንሴ የመጣችውን ኢሉሚናዳን አስከትዬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ሙቀቱ አላፈናፍን ይላል።

«ይኼ ነው ቦታሽ?» አለች አፍንጫዋን ይዛ። «አምስት ሳምንት ዞረሽ ዞረሽ የቆሻሻ ገንዳ?»

«ከሸተተሽ ይኼን አሽትቺ» ብዬ ከቤት ጠብሼ ያመጣሁትን ሥጋ ያለው ሳምቡሳ መሳይ ፓስቴሊዮ እጇ ላይ አኖርኩላት።

«ርችቱ እኮ በዚያ በኩል ነው። ዛፉም ይጋርደናል።»

«ርችቱን ለአዲስ ዓመት ታዪዋለሽ። ዛሬ ወንድምሽን ነው የምታዪው።»

«አዎ፣ ገንዳውን ሊደፋ ሲመጣ!» ብላ አፏ እንደሞላ ሳቀች። እኔም አንድ ፓስቴሊዮ አነሣሁ፤ ምሽቱ ረጅም ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ኬይሊን የምትባል ወጣት ተቆጣጣሪ ሬዲዮዋን ይዛ መጣች። «የኤፍራይን ቤተሰቦች! ስፈልጋችሁ ቆየሁ እኮ። መሀል ደረጃው ላይ ሁለት ወንበር ይዘንላችኋል። ኬክም አለ፤ መጨረሻ ላይ ከአለቆቹ ጋር ፎቶ ትነሣላችሁ።»

ኢሉሚናዳ ኬክ ሲባል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኛ እዚሁ ነን» አልኩ።

«ከዚህ እኮ ምንም አይታይም፣ እናቴ።»

«ለኔ የሚታየኝ አለ።»

«ሚግዳልያ፣ እሺ ይበልጣል ከሺ!» አለች ኢሉሚናዳ። «ጉልበቴ አልቋል። ሰው ወንበር ሲሰጥሽ ተቀበይ እንጂ!»

«እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አይደል ወንድምሽን ያጣሽው? ከፈለግሽ ሂጂ። እኔ ንቅንቅ አልልም።»

«ብቻሽን ትቼሽ ሄጄ ነገ አየሁት ልትይኝ? ሞተሻል!» ብላ ተመልሳ ቁጭ አለች።

የኬይሊን ፈገግታ ጠፋ። ትርኢቱ ሲቃረብ ቦታው በገመድ እንደሚከለልና የሕፃናት ጋሪ ማቆሚያ እንደሚሆን፣ ጋሪ የሌለው ሰው እዚያ መቆም እንደማይችል ነገረችን። ደንብ ነው አለች።

«ልጄ፣ ይኼን ደንብ ያወጣው ሰው ባሌን አይቶት ያውቃል?»

«እኔ እንጃ።»

«አንቺስ?»

ሬዲዮዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እንግዲያው ጥበቃ ጥሪ። ሁለት ባልቴት እየጎተቱ ሲያወጡ ያንን ፎቶ እንነሣለን!»

ይኼኔ አንዲት እናት ልጇን ትከሻዋ ላይ እንዳስቀመጠች ባዶ ጋሪ እየገፋች መጣችና «እባክሽን፣ እስክመለስ ጋሪዬን እዪልኝ። ባለፈው ወስደውብኝ ነበር» አለችኝ። በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። «ይኸው ጋሪ» አልኳት ለኬይሊን። ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች፤ ከገመዱ እንዳንወጣ አስጠንቅቃን ሄደች።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ኢሉሚናዳ። ግን እሷም የጋሪውን አንድ ጎን ያዘች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራቱ ሁሉ ጠፋ። ከወዲያ ማዶ ሕዝቡ ጮኸ። እኔ ማዶ ሰማይ ላይ ለሚፈነዳው ርችት ጀርባዬን ሰጥቼ ጥጉ ላይ ወዳለው ውሃ ዞርኩ። አንድ ሰውዬ «ሴትዮ፣ ትርኢቱ በዚህ በኩል ነው!» አለኝ።

«ያንተ ነው በዚያ በኩል!» አልኩት።

የመጀመሪያዋ ጀልባ አለፈች፤ ሁለተኛዋም አለፈች። ከዚያ ሌላ ሞተር ሰማሁ። ወርቃማው ርችት ሲፈነዳ ውሃው ሁሉ በራ።

እሱ ነበር። ልጅ ሆኖ ከማንጎ ዛፍ ከወደቀ ጀምሮ ግራ ትከሻው ወደ ታች ያዘነብላል፤ ዛፉ ላይ ውጣ ያለችው ኢሉሚናዳ ናት፣ ያንን ትከሻ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ከቤታችን የምትበልጥ ጀልባ፣ ላይዋ እሳት እየተፋ፣ በዚያ ጠባብ ጥግ ሊያዞራት ነው። ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ድንጋዩ ድረስ አንድ ክንድ የሚሞላ አይመስለኝም። ጀልባ እነዳለሁ ሲለኝ ዝም ብሎ መንዳት ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። እንዳልጠራው መሐላዬ ያዘኝ፤ ጥርሴን ነከስኩ።

ኢሉሚናዳ ግን ለማንም አልማለችም።

«ፊኒ!» ብላ በልጅነት ስሙ ጮኸች። «አንተ ፊኒ! እኔ ነኝ! እኔ!»

አልዞረም። አንገቱ እንኳ ንቅንቅ አላለም። መሪውን ቀስ እያለ አዞረው፤ ጀልባዋ ድንጋዩን ሳትነካ ተጠማዘዘች፤ ብርሃኑ ሲጠፋ እሱም ጨለማው ውስጥ ገባ።

አጨበጨብኩ። እጄ እስኪቃጠል ብቻዬን አጨበጨብኩ። ዘወር ስል ኢሉሚናዳ እንባዋ እየወረደ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። ኬይሊን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች።

«አንዴ ቆይ፣ ቆንጅዬ» አለቻት ኢሉሚናዳ፤ ወዲያው ስልኩ ላይ ጮኸች። «አኒባል? አፍህን ዝጋና ስማኝ። አየሁት! በዐይኔ በብረቱ አየሁት! ... አዎ፣ ጀልባ! ... ጠርቼዋለሁ ... የለም፣ አልዞረም። እንዴት ይዞራል፣ አንተ ደደብ? ሥራ ላይ ነው እኮ!»