ጋላክሲዎቹ ወዴት ይሄዳሉ?

ያን ቀን ልቤ ሸፍቶ ነው ያስተማርኩት። በማግስቱ ማለዳ ከገዳሪፍ ወደ ሊቢያ በሚነሳ ሎሪ ላይ ቦታ ይዣለሁ፤ ደላላው ሱሩር ከቀትር በፊት ደውሎ ቁርጡን ሊነግረኝ ነው። ሱዳን ውስጥ ባለው በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ሳይንስ የማስተምረው እኔ ብቻ ነኝ። ለልጆቹ ግን አልነገርኳቸውም። ደግሞስ ምን ብዬ? አንድ ዓይኔ ሰሌዳው ላይ፣ አንዱ ስልኬ ላይ ነበር።

ትምህርቱ ስለ ጋላክሲዎች ነው። እያንዳንዱ ጋላክሲ የብዙ ቢሊዮን ከዋክብት ስብስብ መሆኑን ነገርኳቸው። ተመራማሪዎች ሄደው ሊለኩት ስለማይችሉ፣ በቴሌስኮፕ የሰበሰቡትን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ይበትኑታል። በቀለሞቹ መሃል የታወቁ ጥቁር መስመሮች አሉ። መስመሮቹ ወደ ቀዩ ከተንሸራተቱ ጋላክሲው እየራቀን ነው፤ ብዙ ከተንሸራተቱ ደግሞ በብዙ ፍጥነት እየራቀ ነው።

"ከጥቂት ጎረቤቶቻችን በቀር ሁሉም እየራቁን ነው። ወዴት የሚሄዱ ይመስላችኋል?" አልኩ።

"ሊቢያ ነዋ" አለ ኣረጋዊ የሚባለው ተማሪ ከኋላ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ደነገጥኩ፤ ደንግጬም ተቆጣሁ። ይህ መጠለያ ሰው ሲጠፋ ሌላ መልስ አያውቅም። የሒሳብ መምህሩ የጠፋ ጊዜም ያው ነበር።

ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አወጣሁና በጠመኔ ነጥብ በነጥብ አደረግሁት። ስስበው ነጥቦቹ ተራራቁ።

"አያችሁ? ማንም ማንንም ጥሎ አልሄደም። የተለጠጠው በመሃላቸው ያለው ጠፈር ነው። ከየትኛውም ነጥብ ላይ ሆናችሁ ብታዩ፣ የራቁት ሌሎቹ ይመስላችኋል።"

ከፊት የተቀመጠችው ዳናይት ተነሳች። እናቷ ከሱሩር ሱቅ ጎን ሻይ ትሸጣለች፤ ይህን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

"ቲቸር፣ ጋላክሲዎቹስ በፈቃዳቸው አይደለም። አንቱ ግን ነገ የሚሄዱት በፈቃድዎ አይደለም?"

ስልኬ ያን ጊዜ ጮኸ። እዚያው በልጆቹ ፊት አነሳሁት።

"ኻላስ፣ አልቋል። ዛሬ ገዳሪፍ ገብተህ እደር" አለ ሱሩር።

"ቦታዬን ለሌላ ስጠው" አልኩት። ንዴቱም ሐፍረቱም አንድ ላይ ያዘኝ። ሱሩር ሰድቦኝ ዘጋው።

ዳናይት አልተቀመጠችም።

"የቀሩት ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?"

"ለዛሬ ነው" አልኳት። ከዚያ ያለፈ ቃል ብገባላት አታምነኝም፤ እኔም ራሴን አላምነውም።