ወይንሸትና የጠፋባት ሰዓት

ባጃጇ የተገለበጠችው የካቲት ውስጥ፣ ከቀትር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ነበር። ከኋላ ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል፤ ወይንሸትና አበቡ። ስምንት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፣ በአንድ ጃንጥላ የሚሄዱ ጓደኛሞች ናቸው። ሾፌሩ እግሩ ተሰበረ። አበቡ እዚያው አረፈች። ወይንሸት ግን ብድግ ብላ ቀሚሷን አራገፈች። ደም የለ፣ ስብራት የለ፤ ከጆሮዋ በላይ ትንሽ እብጠት ብቻ። ያየ ሁሉ «እሷንስ ማርያም ናት የያዘቻት» አለ።

ወይንሸት ራሷ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ሁለት ነገር ነው። ባጃጇ ውስጥ ሲገቡ አበቡ «ጠጋ በይ እንጂ» ስትላት፤ ከዚያ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት፣ አልጋዋ ላይ ሆና ስትነቃ፣ ባሏ ስማቸው ዓይኑ ደም መስሎ ከአጠገቧ ተቀምጦ። በመካከል ያለው ሁሉ የለም።

መጀመሪያ ሰሞን ሐዘኑ ነው ተባለ። ራሷን ቢያማት፣ እንቅልፍ ቢያጥራት ማን ይደነቃል? የአበቡ ዐርባ ወጣ፤ ራስ ምታቱ ግን አልወጣም። ፀሐይ ያረፈበት የጣራ ቆርቆሮ ዓይኗን እንደ ወስፌ ይወጋታል። የተማሪዎቿ ጫጫታ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ይላታል። ጠመኔ ለማለት «ጨው አቀብሉኝ» አለች አንድ ቀን። ልጆቹ ሳቁ። ሌላም ቀን እንዲሁ አለች። በኋላ በኋላ መሳቁን ተዉት፤ ይሄኛው ባሰባት።

ከሁሉም የከፋው ጆሮዋ ነበር። በቀኝ በኩል ቀጭን ድምፅ አለ፤ አካባቢው ጸጥ ሲል ሰው የሚጠራት ይመስላታል። ዘወር ትላለች። ማንም የለም። በዚያው ምድር ትዞርባትና ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ጎረቤት ይህን አይቶ ማንሾካሾክ ጀመረ። «አበቡ ናት የምትጠራት። አብረው ሄደው ብቻዋን መቅረቷ ከብዷት ነው።» ወይንሸት ሰማች። የተማረች ሴት ናትና አላመነችም። ዘወር ማለቱን ግን አልተወችም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የአበቡ እናት እትዬ ሸዋአየሁ አሉ። ገና በለቅሶው ሰሞን እጇን ይዘው ጠይቀዋት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለች? ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ወይንሸት አታስታውስም። የእናትን ዓይን ማየት ቢያቅታት፣ «እማዬ ብላ ጠራችዎ» አለች። እትዬ ሸዋአየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ወዲህ ሊያጽናና ለመጣ ሁሉ ይህንኑ ይነግራሉ። ወይንሸትም ደጋግማ ስትሰማው፣ ፈጥራው ነው ወይስ በእርግጥ ሰምታው ነው፣ መለየት ተሳናት። ጆሮዋ ውስጥ ያለው ቀጭን ድምፅም ቀስ በቀስ ያንኑ ቃል ወደ ማለት ሄደ።

አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣት፤ ጨረሰችው። ሌላው ደም ማነስ ነው አለ። ሦስት ሳምንት ጠበል ተጠመቀች። አጥማቂው አባ ሐብተ ማርያም ራሷን ይዛ ስትንገዳገድ አይተው፣ «ጠበሉንስ ተጠመቂ፤ ግን አንቺ ተመትተሻል ልጄ፣ ሐኪምም ይይሽ» አሏት። ጎንደር ሄዳ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሣች። ውጤቱን ያነበበላት ሐኪም የምሥራች እንደሚነግር ሰው ፈገግ ብሎ፣ «ንጹሕ ነው። ምንም የለብዎትም» አላት።

ምንም። ይህን ቃል ይዛ ፒያሳ መካከል ቆመች። ጡሩምባው፣ ሰዉ፣ የመስተዋቱ ነጸብራቅ በላይዋ ላይ ያልፋል። ምንም ከሌለባት፣ ሰዎቹ የሚሉት ነው ማለት ነው። ያን ቀን ከልቧ ፈራች።

ሰኔ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዋ ስለ ዶክተር ነጃት ነገራት፤ የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ናት፣ ሰው ታዳምጣለች አለቻት። ከስማቸው ጋር ሄዱ። ዶክተር ነጃት የወይንሸትን ዓይን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው መጋረጃውን መዝጋት ነበር። የሲቲ ስካኑን ፊልም ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ሳትከፍተው አስቀመጠችው።

«እሱ ይቆይ። ቀኑን ንገሪኝ።»

ወይንሸት ያላትን ሁለት ነገር ተናገረች። ዶክተሯ ወደ ስማቸው ዞረች።

«እርስዎስ? መቼ ነው የደረሱባት?»

ስማቸው ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «ለሷ ነግሬያት አላውቅም» አለ።

«አሁን ይንገሩን።»

«ጤና ጣቢያ ነው ያገኘኋት። ተቀምጣለች፣ ትናገራለች። አበቡ የት አለች አለችኝ። መደበቅ አልሆነልኝም፤ ነገርኋት። ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ጥቂት ቆይታ ቀና አለችና፣ አበቡ የት አለች አለችኝ። እንደገና ነገርኋት። እንደ አዲስ አለቀሰች። ደግሞ ጠየቀችኝ።» ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እስኪመሽ እንዲህ ነበርን። መርዶውን ስንት ጊዜ እንዳረዳኋት እኔ አላውቀውም። በመጨረሻ ቢያቅተኝ፣ ቤቷ ናት፣ ደኅና ናት አልኋት። ያኔ ተኛች።»

ወይንሸት ባሏን አየችው። አራት ወር ሙሉ ይህን ይዞ አጠገቧ ሲበላና ሲተኛ ኖሯል።

ዶክተር ነጃት ጣቷን በዓይኗ እንድትከተል አደረገቻት፣ በቀጥታ መስመር አስኬደቻት፣ አምስት ቃል እንድታስታውስ ሰጥታ ቆይታ ጠየቀቻት። ወይንሸት ሁለቱን ብቻ መለሰች።

«የአንጎል መናወጥ ነው» አለች ዶክተሯ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ። አንጎል ሲናወጥ ሥራው ይታወካል እንጂ የግድ አይደማም፤ ፎቶው ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው። ብዙው ሰው በሳምንታት ይሻለዋል። አንዳንዱ ላይ ይቆያል፤ ያንቺ ቆየ። ሐዘኑም፣ እንቅልፍ ማጣቱም ተጨምሮበታል።»

«ጆሮዬስ? የሚጠራኝስ?»

«ጆሮሽ ይጮሃል፤ እሱም ከምቱ ነው። ቃል የሚሰጠው ሐዘንሽ ነው።»

«የጠፋብኝ ሰዓትስ? ይመለስልኛል?»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሷ አቀረበች። «አይመስለኝም። ያን ጊዜ አእምሮሽ አልያዘውም። ያልያዘውን ከየት ያመጣዋል?»

እስከዚያ እንደምታደርገው የራስ ምታት ማስታገሻ በየቀኑ መዋጥ ራሱ ራስ ምታት ያመጣልና እንድታቆም፣ በሰዓቱ እንድትተኛ፣ እንዳትንገዳገድ የሚረዳ እንቅስቃሴ እንድትሠራ፣ ወደ ሥራዋም በጥቂት በጥቂቱ እንድትመለስ አዘዘቻት። ስለ ሐዘኗ የምታነጋግራትም ሌላ ባለሙያ አገናኘቻት። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። መስከረም ላይ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ጀመረች። ራስ ምታቱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣ ጀመር። የጆሮዋ ድምፅ ግን አልጠፋም።

እትዬ ሸዋአየሁ ዘንድ ለመሄድ አቅም ያገኘችው ጥቅምት ላይ ነው። ደጃቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ሲለቅሙ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለች ሳትቀመጥ። «ከዚያ ቀን ምንም አላስታውስም። አበቡ ምን እንዳለች አላውቅም። እማዬ አለች ያልኩዎት ከራሴ ነው።»

የሴትዮዋ እጅ ቆመ።

«እንግዲያ ማንም አያውቀውም?»

«ማንም።»

አልተቆጧትም፤ ይቅር አልሁሽም አላሏትም። «ሸጋ አደረግሽ፣ ነገርሽኝ» አሉና ወደ ምስሩ ተመለሱ። ጣታቸው ግን ጠጠሩን ከምስሩ ሳይለይ አንድ ላይ ይጥል ነበር። ቆይተው፣ ቀና ሳይሉ፣ «ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ምን ልበል?» አሉ።

ወይንሸት አጠገባቸው ተቀምጣ ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበችና መልቀም ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች ጥቃቅኑ ምስር ዓይኗ ላይ ይርመሰመስ ጀመር፤ ግንባሯን ያዘች።

«ተይው፣ ያምሻል» አሉ እትዬ ሸዋአየሁ፤ ሰፌዱንም ከእጇ ወስደው ጭናቸው ላይ አኖሩት።