ከአኻያው ላይ የተገኘችው ዝንብ

ጎረቤቴ ኖርቫል በሌብነት ሊጠረጥረኝ የመጣ ቀን በእጄ የያዝኩት የእሱን መሰላል ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው አላማረልኝም። ባለፈው መስከረም ወንዝ ዳር ካለው አኻያ ላይ የተሰቀሉበትን የዓሣ ማጥመጃ ዝንቦች ስለቅምለት በዚያው ይዤው የቀረሁት መሰላል ነው። እሱ ግን መሰላሉን ዞር ብሎም አላየው።

"እቺን ታውቃታለህ?" አለና መዳፉን ዘረጋ።

የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ናት። መንጠቆዋ ላይ የአጋዘን ፀጉር ተጠምጥሞ ሆዷ የወይራ ፍሬ መስሏል፤ አንገቷ በቀይ ክር ታስሯል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከቢተርሩት ወንዝ ድንጋዮች ሥር እየዳኸች የምትወጣ ስኳላ የምንላት ነፍሳት አለች። ትራውት የሚባለው ዓሣ የበረዶውን ወራት በረሃብ ካሳለፈ በኋላ መጀመሪያ ጠግቦ የሚበላው እሷን ነው። መዳፉ ላይ ያለችው በእሷ አምሳል የተሠራች ናት።

"ያንተ ናታ" አልኩት።

"የኔ መሆኗንማ አላጣሁትም። በዚህ ሸለቆ ቀይ ክር የሚያስር ከኔ በቀር የለም። የት እንዳገኘኋት ጠይቀኝ እስቲ።"

"የት አገኘሃት?"

"ጥልቁ ውሃ አጠገብ፣ አኻያው ላይ ተሰቅላ። መንጠቆዋ እንኳ ገና አልዛገም። አንድ ሰው በዚህ ሳምንት እዚያ ሲያጠምድ ነበር፤ በኔው ዝንብ።" መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። "ዝንቤን የሰጠሁት ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለገና። ስድስት።"

ጥልቁ ውሃ ማለት ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ወንዙ ታጥፎ ባንኮኒ የሚያህል ቋጥኝ ሥር የሚተኛበት ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ ኖርቫል ሦስት ሚያዝያ ሙሉ የሚያሳድደው ትልቅ ቡናማ ትራውት አለ። እኔ ወደዚያ የማጥመጃ መስመሬን ጥዬ አላውቅም። የሰው ሚስት አይቶ እንዳላየ እንደሚታለፈው፣ የሰው ጥልቅ ውሃም እንደዚያው ነው።

"አምጣቸው" አለኝ።

ሳጥኔን አመጣሁ። ቆጠረ። አምስት።

"ስድስተኛዋስ?"

"ዓሣ ይዟት ሄደ።"

"የት?"

"ከድልድዩ በታች።"

"ማን አየህ?"

"ዓሣው።"

አልሳቀም። ያኔ ነው የደነገጥኩት፤ ኖርቫል ለዚህ ቀልድ የማይስቅ ሰው አልነበረም። በማግስቱ የጓሮው በር ላይ ሰንሰለት ተጠምጥሞበት፣ ጡጫ የሚያክል ቁልፍ ተንጠልጥሎበት አገኘሁት።

ወንዙ የሁሉም ነው፤ እግርህ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ውጣ የሚልህ የለም። ችግሩ ውሃው ጋ መድረሱ ነው። በኔ ቤትና በወንዙ መሃል የኖርቫል ጓሮ አለ፤ እኔም ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ በር አልፌያለሁ። አለዚያ ከድልድዩ ተነስቶ እኔ ወደማጠምድበት ውሃ ለውሃ መውጣት ነው፤ ጉልበቴ ደግሞ ደረጃም አይወድ። የማጥመጃው ጊዜም ሊያልቅ ነበር። ቅዳሜ እንደሚሞቅ ራዲዮኑ ተናግሯል። ሲሞቅ የተራራው በረዶ ይቀልጣል፣ ወንዙ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል፣ እስከ ሰኔ መጨረሻም መስመር የሚጥል የለም። ዓሣው ብቻ ቢሆን ለከርሞ ባልኩ ነበር። ግን ኖርቫል አጥር ላይ ተደግፎ "ዛሬስ ምን በላ?" ሳይለኝ ያለፈ ጠዋት አላስታውስም። አሁን ሲያየኝ ውሻውን ማናገር ጀመረ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ነዳጅ ማደያው ደረሰ። ሻጯ መልሴን ስትሰጠኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ኖርቫል በሩን ዘጋብህ አሉ። መቼም ያለ ምክንያት አይዘጋም" አለችኝ።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምነዳው። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ልጆቹን ላመጣ ባዶዬን ድልድዩን ስሻገር፣ ቁልቁል ብመለከት የኖርቫል ቀይ ኮትና ሰፊ ባርኔጣ ጥልቁ ውሃ ውስጥ እስከ ወገብ ቆመዋል። ገረመኝ። ኖርቫል ምሳውን በልቶ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ይተኛል፤ ቤቱ ቢቃጠልም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚሰማው። ስኳላ የምትወጣው ፀሐይ ውሃውን ካሞቀችው በኋላ መሆኑን ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። መልሱ ግን "ትራውት የሚበላው ጠዋት ነው" ነበር፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ እሱ ተኝቷል።

አቆምኩና ጡሩምባ ነፋሁ። ባርኔጣው ዞረ። ሥር ያለው ፊት የሚስቱ የአርሊስ ነው።

"ጡሩምባውን ተው! ዓሣዬን ልታባርርብኝ ነው?"

እየተንሸራተትኩ ዳር ወረድኩ። "አርሊስ?"

"አይ፣ የገና አባት ነኝ። ድምፅህን ቀንስ።"

ሰባ ዓመቷ ነው፤ የባሏን የጎማ ሱሪ በሁለት ቀበቶ ጠፍራ አስራዋለች። ክንዷ ግን ሲወረውር ልብስ እንደሚያሰጣ ሰው ክንድ ቀላል ነው።

"ዝንቡን ከሳጥኑ ነው የምትወስጂው?"

"ሳጥኑ ውስጥ ማን የከተተው መሰለህ? አርባ ስድስት ዓመት እኔ ነኝ የምሠራለት። የሱ ጣት መርፌ እንኳ አይዝም።"

ኖርቫል በየድግሱ ስለ ቀይ ክሩ ሲያወራ አፌን ከፍቼ የሰማሁባቸው ምሽቶች ሁሉ ትዝ አሉኝ።

"ታዲያ ምናለ ብትነግሪው?"

"ብነግረው ከኋላዬ ይቆምና 'ክንድሽን ዝቅ፣ ክንድሽን ከፍ' እያለ ያደርቀኛል። ተጎታቹን ወደ ኋላ መንዳት ያስተማረኝ ጊዜ የሆነውን ረሳኸው?"

አልረሳሁም። የኔ የፖስታ ሳጥን የወደቀው ያኔ ነው።

"አንድ ትልቅ ብቻ" አለች። "በራሴ ዝንብ፣ በራሴ ክንድ። ከዚያ እኔው እነግረዋለሁ። ትናንት ይዤው ክሩን በጠሰብኝ። እስከዚያ ዝም በልልኝ።"

"እኔ እኮ ሌባ ተብያለሁ! በሩ ተቆልፎብኛል።"

ትንሽ አሰበች። "ከሌባ የባሰም ተብለህ ታውቃለህ።"

"ማን ብሎኝ?"

"እኔ።"

ማልኩላት። እስከዚያ ቀን ንጹሕ ነበርኩ፤ ንጹሕም እመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ንጹሕ ሆኜ ሌባ መሰልኩ። ኖርቫል በአጥሩ ላይ ሲያየኝ አይኔ መሬት ይፈልጋል፤ እሱም ያንን እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

ሐሙስ ጠዋት በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዞ በረንዳዬ ላይ ወጣ። ኮቱ ከነእርጥበቱ ነው።

"ትልቁን ያዝኩት" አለ። መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ነው ያለው። "መልሼ ለቀቅኩት። ከንፈሩ ላይ ግን ይቺ ተሰክታ ነበር።"

መሐረቡን ፈታ። ዝንብ፣ ቀይ ክር፣ ከስንዝር የማይበልጥ ብጣሽ መስመር፣ ከነቋጠሮው። ከኪሱ ደግሞ ባዶ መንጠቆና ክር አወጣና ፊቴ አስቀመጠ።

"እሰር።"

"ምን?"

"እሰር አልኩህ። ሰው እጁን አይዋሽም።"

አሰርኩ። ስድስት ጊዜ ጠመዘዝኩ፣ በምራቄ አራስኩ፣ ሳብኩ፣ ጫፉን በመቁረጫ ቆረጥኩ። ልክ እሱ እንዳስተማረኝ። ኖርቫል ሁለቱን ቋጠሮ ወደ መነጽሩ አስጠግቶ ደጋግሞ አየ። ከዓሣው የተገኘው ሦስት ዙር ብቻ ነው፣ ክሩ በድርብ ተይዟል፣ ጫፉም በጥርስ ተቆርጦ ጠፍጥፏል።

"አንተ አይደለህም" አለ። ቅር ያለው ይመስል ነበር።

"ይቅርታ የሚባል ነገርም አለ እኮ።"

"ቆይ።" አይኑ የራሱ ደረት ላይ ነበር። ዝንቧን አንስቶ ከኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ አጠገብ ያዛት። ቁልፉን የያዘው ክር ሦስት ዙር ነው፤ ጫፉ ጠፍጣፋ። ሦስተኛውን አየ፣ አራተኛውን አየ። ሁሉም አንድ ናቸው።

ዝንቧን መልሶ በመሐረቡ ጠቀለላት።

"በስንት ሰዓት ነው ድልድዩን የምትሻገረው?"

"ስምንት።"

"ምን ታያለህ?"

ምያለሁ። "ኮትህንና ባርኔጣህን።"

"እኔ በስምንት ሰዓት ምን አደርጋለሁ?"

"ትተኛለህ።"

"እተኛለሁ።" የኮቱን እጅጌ ጨመቅ አደረገው። "እኔ ሞኙ ከእንቅልፌ ስነሳ ኮቴን ርጥብ እያገኘሁት ጣሪያው ያፈሰ መስሎኝ መሰላሌን ልጠይቅህ ነበር።"

ዓርብ ጠዋት ሰንሰለቱ ከበሩ ላይ የለም። አጥሩ ላይ ግን ኖርቫልም የለም።

በስምንት ሰዓት ድልድዩ ላይ አውቶቡሱን አዘገየሁ። ባርኔጣው ጥልቁ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ዝንቧ ቋጥኙ ጥግ ወረደች፣ ውሃው ተገለበጠ፣ የማጥመጃ ዘንጉ ጎበጠ። አርሊስ እየተደናቀፈች፣ ወደ ኋላ እየሸሸች፣ አንዴም በጉልበቷ ወድቃ፣ ከብዙ ትግል በኋላ ክንድ የሚያህል ትራውት በሁለት እጇ አነሳች። ያው ትልቁ ይሁን ሌላ ከላይ ሆኜ አልለየሁም። ግራና ቀኝ አየች። የሚያይላት ሰው የፈለገች መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ለቀቀችው።

ከአኻያዎቹ ኋላ ኖርቫል በደረቱ ተኝቷል። አንድ እጁን አፉ ላይ በኃይል ጭኖታል። አርባ ስድስት ዓመት ያላቋረጠ ምክር እዚያ መዳፍ ውስጥ ታፍኗል።

ጡሩምባ አልነፋሁም።

ቅዳሜ ራዲዮኑ እንዳለው ሞቀ፤ ወንዙም ግንድ እያንከባለለ ደፍርሶ ወረደ። ከሰዓት በኋላ አርሊስ ደጃፌ ላይ ቆመች።

"ያዝኩት" አለች።

"እንኳን ደስ አለሽ! ነገርሽው?"

"ነገርኩት። 'አዬ፣ ባየሁ ኖሮ' አለኝ።" አይኗን አጠበበች። "ዳሬል፣ የዚያ ሰውዬ ሸሚዝ ደረቱ ድረስ ጭቃ ነበር። ከአልጋ የተነሣ ሰው ጭቃ ከየት ያመጣል?"

"እንጃ።"

"ደግሞ ክንዴን አልተቸም። አንድ ቃል! ነግረኸዋል?"

"አልነገርኩትም።"

"አይኔን እያየህ በለው።"

አየኋት። ያ የፈረደበት አይኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ መሬት ማየት ለምዶ ኖሮ አሁንም ወረደ።

"ይሁን" አለች። "ለገና ከኔ ዝንብ እንዳትጠብቅ።"

ስትወጣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መሰላል በዚያው ክንዷ አንስታ ይዛው ሄደች።